አለቃ «አድርግ» ሲል እግዚአብሔር «አታድርግ» ካለ፣ መታዘዝ የት ላይ ይቆማል?

ጥያቄ አብዢ (1)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን የሚቀርብ ርዕስ ነው። «ለባለ ሥልጣን ተገዙ» የሚለውን ሮሜ 13ን ሁላችንም እናውቃለን፤ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለውን ሐዋርያት ሥራ 5፥29ንም እንዲሁ። ሁለቱን በቃል መያዝ አይከብድም፤ የሚከብደው አለቃ አንድ ነገር ሲያዝ የትኛው ጥቅስ እንደሚገዛን መለየት ነው። እባካችሁ «መንፈስ ቅዱስ ይመራሃል» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ሮሜ 13 የሚያስረን እስከ ምን ድረስ ነው? እምቢ ማለት ካስፈለገ እንዴት ተደርጎ ነው የሚባለው? ክፉ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ «እግዚአብሔር ይገዛል» ማለትስ በተግባር ምንድን ነው?

የቤርያ ሰው (2)
ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው።

ጳውሎስ የሮሜን መልእክት የጻፈው በ57 ገደማ፣ ኔሮን ቄሳር በነበረበት ዘመን (54–68) ነው። ስለዚህ «የሚናገረው ስለ ደግ መንግሥት ነው» የሚለው ማምለጫ አያስኬድም። እርግጥ የሮም ቃጠሎና እሱን ተከትሎ የመጣው ስደት በ64 ነው የሆነው፤ ያም ሆኖ ጳውሎስ «ተገዙ» ያለው ጌታውን ለሰቀለ መንግሥት ነው።

ምዕራፉን ከ12፥19 ጀምራችሁ አንብቡት። «ራሳችሁ አትበቀሉ» ካለ በኋላ ነው ወደ ባለ ሥልጣን የሚያልፈው። ገዥውንም በቁጥር 4 ላይ ሁለት ጊዜ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ይለዋል። አገልጋይ ደግሞ ላኪ አለው፤ ከላኪው ትእዛዝ ውጭ ሲያዝ የላኪውን ሥልጣን ይዞ አይደለም። ሥራውም እዚያው ተጽፏል፦ መልካሙን ማመስገን፣ ክፉውን መቅጣት። ለእርሱ የሚገባው በቁጥር 7 ተዘርዝሯል፦ ግብር፣ ቀረጥ፣ መፈራት፣ ክብር። አምልኮ የለበትም፤ ሕሊናን ማስረከብም የለበትም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር» ያለው ጴጥሮስ ራሱ ነው በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥13–17 «ለሰው ሥርዓት ሁሉ ተገዙ» ብሎ የጻፈው። እዚያም «እግዚአብሔርን ፍሩ፤ ንጉሥን አክብሩ» ብሎ ድርሻውን ለየብቻ ይሰጣል። በ180 በሰሜን አፍሪካ፣ በካርቴጅ ከተማ የተሰየፉት 12 የስኪሊ ሰማዕታት በችሎት ፊት የመለሱት ይህንኑ ነው። ስፔራቱስ የሚባለው የሚገዛው ዕቃ ላይ ቀረጥ እንደሚከፍል ለዳኛው ተናገረ፤ ዶናታ ደግሞ ክብር ለቄሳር እንደ ቄሳርነቱ፣ ፍርሃት ግን ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን ገለጸች። ቀረጥ ከፋይ ሆነው ሞቱ።

ሰላማዊት (3)
ወንድም የቤርያ ሰው ጥሩ መሠረት ጥለዋል። በተግባር ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ የደረሰው ትእዛዝ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለይ ይነሣል።

አንዱ ዓይነት ኃጢአት እንድሠራ የሚያዝ ወይም እግዚአብሔር ያዘዘውን የሚከለክል ነው። ፈርዖን አዋላጆቹን ወንዶቹን ግደሉ አላቸው (ዘጸአት 1)፤ በዳንኤል 3 ለምስሉ ስገዱ ተባለ። በዳንኤል 6 ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ 30 ቀን ጸሎት ተከለከለ። እዚህ ላይ መልሱ እምቢታ ነው። ሌላው እኔን የሚበድል፣ ነገር ግን ኃጢአት እንድሠራ የማያስገድድ ትእዛዝ ነው፦ ያላግባብ ዝውውር፣ የተነፈገ ዕድገት፣ የበዛ ግብር። እዚህ አቤት ማለት ይቻላል፣ መታገሥም ይቻላል፤ «ለእግዚአብሔር ልታዘዝ» ብሎ ማመፅ ግን አይቻልም። ሦስተኛው ደስ የማይለኝ ብቻ ነው። እሱን መፈጸም ነው።

የሚበላሸው ሁለተኛውና ሦስተኛው የመጀመሪያውን ልብስ ሲለብሱ ነው። በትንሹም በትልቁም «ሕሊናዬ አልፈቀደም» የሚል ሠራተኛ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም። 1ኛ ጴጥሮስ 4፥15–16 ላይ እንደ ክርስቲያን መከራ መቀበልና በሰው ጉዳይ በመግባት መከራ መቀበል ተለይተው መቀመጣቸው ለዚህ ነው።

ዳንኤል 1ን በዚህ መለኪያ እዩት። ወደ ባቢሎን የተማረከው ዳንኤል ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ትምህርት ተማረ። አዲስ ስም ተሰጠው። በንጉሡ አደባባይ ተቀጠረ። እምቢ ያለው የንጉሡን መብልና ጠጅ ብቻ ነው።

ኤፍራታ (4)
እህቴ ሰላማዊት፣ እዚህ ላይ አልገባኝም። ለዳንኤል የተሰጠውን ብልጣሶር የሚለውን ስም ንጉሡ ናቡከደነፆር ራሱ «እንደ አምላኬ ስም» ይለዋል (ዳንኤል 4፥8)። የጣዖት ስም ተሸክሞ ምግብ ላይ መጠንቀቅ ትንኝን አጥልሎ ግመልን መዋጥ አይሆንም?

ሰላማዊት (5)
መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ስሙን ያወጡት እነርሱ ናቸው፣ የሚጠሩትም እነርሱ። ዳንኤል በጆሮው ሰማው እንጂ በአፉ ጣዖቱን አልጠራም፣ በጉልበቱም አልሰገደለትም። መብሉ ግን በገዛ እጁ አንሥቶ ወደ አፉ የሚያስገባው ነገር ነው፤ ጽሑፉም «እንዳይረክስ» ብሎ ምክንያቱን ይሰጣል። ሌላው በእኔ ላይ የሚለጥፈው አንድ ነገር ነው፣ እኔ ራሴ የምፈጽመው ሌላ። መሥሪያ ቤቱ የማልስማማበት መፈክር ግድግዳው ላይ ቢሰቅል አልጠየቅበትም፤ እኔ በፊርማዬ ላጽድቀው ከተባልኩ እጠየቃለሁ።

አገልጋይ ዘ (6)
ጠያቂያችን «እንዴት ተደርጎ ነው እምቢ የሚባለው» ብለዋልና እዚያ ላይ ልቆይ። ዳንኤል 1፥8–16 ከላይ እስከ ታች የአካሄድ ትምህርት ነው።

መጀመሪያ በልቡ ወሰነ። ውሳኔው ማዕዱ ሳይቀርብ በፊት ያለቀ ነበር። ማዕዱ ፊት ቆሞ ለመወሰን የሚሞክር ሰው በአብዛኛው ይበላል። ቀጥሎ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ፤ አልፎከረም፣ መግለጫም አላወጣም። አለቃው ፈራ፤ «ራሴን ያስቆርጠኛል» የሚል ትክክለኛ ፍርሃት ነበረው። ዳንኤል ያንን ፍርሃት አልናቀም። ወደ ቅርብ ጠባቂው ሄዶ ለሁሉም የሚያመች ሐሳብ አቀረበ፦ ጥራጥሬና ውኃ፣ ለ10 ቀን፣ ከዚያ ፊታችንን ከሌሎቹ ጋር አስተያይ። ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው፣ የመጨረሻው ፍርድ በጠባቂው እጅ ነው። የእግዚአብሔርን የበላይነት ማመን እዚህ ጋ ይታያል፦ ዳንኤል ውጤቱን በማይቆጣጠርበት ቦታ አስቀመጠው።

ይህን ወደ ሥራ ቦታ አምጡት። አለቃ የሐሰት ሪፖርት ፈርም አለ እንበል። በመጀመሪያ ትእዛዙን በትክክል መረዳትህን አረጋግጥ፤ ግማሹ ግጭት ካለመግባባት ይመጣል። በቃል ከሆነ «የተረዳሁት እንዲህ ነው፣ ልክ ነኝ?» ብለህ በአጭር ደብዳቤ ወይም በኢሜይል ጠይቅ። ብዙ ክፉ ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር እዚያው ይሞታል። ካልሞተ ለብቻው አግኝተህ ንገረው፣ በስብሰባ ላይ አይደለም። የምትለውም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ይህን ቁጥር ትክክል ነው ብዬ መፈረም አልችልም። ትክክለኛውን ቁጥርና ጉድለቱ የመጣበትን ምክንያት እስከ ሐሙስ አዘጋጅቼ አቀርባለሁ።» ስብከት አትጨምርበት፤ «አንተ ሌባ» የሚል ቃና ካለው በሩን ራስህ ዘጋኸው። ካልሰማ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መስመር ወደ በላዩ ሂድ፤ ቀኑን፣ የተባለውንና የመለስከውን መዝግብ። ሚስጥራዊ ሰነድ ገልብጦ ወደ ቤት መውሰድ ግን ሌላ ጥፋት ይጨምርብሃል፤ ጉዳይህንም ያበላሻል። በመጨረሻ ቅጣት ከመጣ ተቀበለው፤ በዳንኤል 3 ለምስሉ አንሰግድም ያሉት ሦስቱ ወጣቶች ከእቶኑ አልሸሹም።

በብዛት የሚታዩት ብልሽቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በተንኮል እምቢ ማለት ነው፦ ታምሜአለሁ ማለት፣ ፋይል መደበቅ፣ ማዘግየት። ኃጢአትን በውሸት ከሸሸህ ምን ተረፈህ? ሁለተኛው ቸኩሎ ሥራ መልቀቅ ነው። ዳንኤል አልለቀቀም፤ አስለቅቀው ይጣሉት እንጂ ወንበሩን በፈቃዱ ለክፉ አላስረከበም።

ሰባኪዎች እምብዛም የማያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ዕዳ። ምሳሌ 22፥7 «ተበዳሪ የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል። የወር ደመወዙ ገና ሳይገባ ያለቀ ሰው እምነቱ ጽኑ ቢሆንም እምቢ ለማለት እጁ የታሰረ ነው። ለጥቂት ወራት የሚያሻግር ገንዘብ ማስቀመጥ የእምነት ማነስ ሳይሆን ለዚያ ቀን መዘጋጀት ነው።

ጥያቄ አብዢ (7)
ተባረኩ። ግን አዋላጆቹ ለፈርዖን «ዕብራውያት ሴቶች ብርቱዎች ናቸው፤ አዋላጅ ሳትደርስ ይወልዳሉ» ብለው የለም ወይ? እሱስ ተንኮል አይባልም?

አገልጋይ ዘ (8)
ዘጸአት 1፥17 እና 21 የሚያመሰግኑት እግዚአብሔርን መፍራታቸውን ነው። መልሳቸው ውሸት ይሁን ከፊል እውነት ጽሑፉ አይፈርድም፤ ሊቃውንትም ከጥንት ጀምሮ ተለያይተውበታል። የሕፃናት ነፍስ በገዳይ እጅ ሊወድቅ ሲል ከተባለ ነገር ተነሥቶ ለቢሮ ሪፖርት ደንብ ማውጣት ግን አይቻልም።

የቤርያ ሰው (9)
«በእግዚአብሔር ከታመንክ ጠበቃ ምን ያደርግልሃል፣ አቤቱታ ለምን?» የሚል ትምህርት ስላለ ጳውሎስን እናንሣ። በፊልጵስዩስ ተደብድቦ ከታሰረ በኋላ በስውር ውጡ ሲባል «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ (ሐዋርያት ሥራ 16፥37)። ያን ያለው ለክብሩ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያች ከተማ ለሚቀሩት አዳዲስ አማኞች ከለላ ነበር። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን ያነሣው ከግርፋቱ በፊት ነው (22፥25)። ጊዜውን አስተውሉ፤ መብት ጉዳቱ ሳይደርስ ሲነሣ ይጠቅማል።

ይበልጥ የሚገርመው ምዕራፍ 23 ነው። በቁጥር 11 ጌታ ራሱ ቆሞ «በሮሜም ትመሰክራለህ» ይለዋል። በማግስቱ ከ40 በላይ ሰዎች ሳንገድለው አንበላም ብለው ይማማላሉ። ጳውሎስ ግን «ተስፋ አለኝ» ብሎ አልተኛም፤ የእኅቱን ልጅ ወደ ሻለቃው ላከው። ሻለቃውም 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛና 200 ጦር ያዥ አዘዘ። የእግዚአብሔር ተስፋ በአሕዛብ 470 ጭፍሮች ታጅቦ ወጣ ማለት ነው! ከዚያ ደግሞ በቂሣርያ ሁለት ዓመት እስር። ገዥው ፊልክስ ጉቦ ይጠብቅ ነበር (24፥26)፤ ጳውሎስ ሕጋዊ መንገድ ሁሉ ሲጠቀም ያችን መንገድ አልነካትም። በመጨረሻ ወደ ቄሳር ይግባኝ አለ (25፥11)። መስመሩ ይህ ነው፦ ሕግ የሰጠህን መሣሪያ ሁሉ ተጠቀም፣ ኃጢአት የሆነውን ተው፣ የሚፈጀውን ጊዜ ለእግዚአብሔር ተው።

ኤፍራታ (10)
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ትምህርት መጨረሻው ግፈኛን ማደላደል አይሆንም? ገዥውም፣ የቤተ ክርስቲያን መሪውም «እግዚአብሔር ሾመኝ» ብሎ አፍ ያዘጋበታል። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለውን ስንቴ ሰማን!

ሰላማዊት (11)
ጥሩ አነሣሽው እህቴ፤ ያ ጥቅስ ከቦታው ሲነበብ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። መዝሙር 105 (በሌላው አቆጣጠር 104) ቁጥር 14–15ን ክፈቺ። «የቀባኋቸው» የተባሉት ከአገር አገር የሚንከራተቱት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ የሚገሠጹትም ነገሥታት ናቸው። ጥቅሱ ኃይለኛን ከደካማ ላይ እጁን የሚያስነሣ ነው፤ አለቃን ከጥያቄ ለመጋረድ አልተጻፈም።

ዳዊትና ሳኦልም እንዲሁ። ዳዊት በዋሻው (1ኛ ሳሙኤል 24) ሳኦልን አልገደለም፣ እውነት ነው። ግን ከዋሻው ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት የልብሱን ቁራጭ እያሳየ በደሉን ነገረው፣ «እግዚአብሔር ይፍረድ» አለ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። ጦር ተወርውሮበት ግድግዳው ከተወጋ በኋላ (19፥10) ከጦሩ ርቀት ውጭ ነው የኖረው። አለመበቀልና በሚመታ እጅ ሥር መቆየት የተለያዩ ናቸው። የሚደበደብ ሰው ከሚደበድበው መራቁ፣ ለሕግ መናገሩም በሮሜ 13 የተፈቀደ ነው፤ ሰይፍ የተሰጠው ክፉ ለሚያደርግ ነው ተብሏልና።

ለቤተ ክርስቲያን መሪ ደግሞ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19–20 ግልጽ መንገድ አለው። ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይዞ ይቅረብ፤ ሐሜት ይህን አያሟላም። ከተረጋገጠ ግን በሁሉ ፊት ይገሠጽ ይላል። ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ግማሽ ይነበባል፣ ሁለተኛው ይዘለላል።

የቤርያ ሰው (12)
ገዥን መገሠጽም የእግዚአብሔርን የበላይነት ማመን ነው። ናታን ዳዊትን፣ ኤልያስ አክዓብን ስለ ናቡቴ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን ገሥጸዋል። በ390 በተሰሎንቄ ሕዝብ ከተጨፈጨፈ በኋላ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ለንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ደብዳቤ ጽፎ ንስሓ እስኪገባ ድረስ ቅዱስ ቁርባን እንደማይሰጠው አስታወቀው፤ ንጉሡም ንስሓ ገባ። የጀመረው በግል ደብዳቤ መሆኑን ልብ በሉ።

ሮሜ 13 ያለ ልጓም ሲነበብ የሚሆነውን ደግሞ በናዚ ዘመን የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት አሳይተዋል። ይህን የተቃወሙ ፕሮቴስታንቶች ግን በግንቦት 1934 በባርመን ከተማ ተሰብስበው ስድስት አንቀጽ ያለው መግለጫ አውጥተው፣ ከክርስቶስ ሌላ የምንሰማውና የምንታዘዘው የእግዚአብሔር ቃል የለም አሉ። መግለጫው ድፍረት ነበረው፤ ጉድለቱም ትልቅ ነበር፣ ስለሚሰደዱት አይሁድ አንድ ቃል አላለም። ቤተ ክርስቲያን ለራሷ ነፃነት ስትሟገት ጎረቤቷን ልትረሳ ትችላለች።

አገልጋይ ዘ (13)
ሁሉም ሰው ናታን አይደለም። አብድዩ በአክዓብ ቤት አዛዥ ሆኖ እየሠራ 100 ነቢያትን አምሳ አምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸገ፣ እንጀራና ውኃም መገባቸው (1ኛ ነገሥት 18)። ኤልያስ በአደባባይ፣ አብድዩ በጓዳ። የጓዳውን «ፈሪ» ብሎ መስደብ ይቅር።

ጥያቄ አብዢ (14)
ሦስተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ገዥው ክፉ ሆኖ ሳለ «እግዚአብሔር ይገዛል» የሚለውስ?

ሰላማዊት (15)
ኢሳይያስ 10ን አንብቡ። አሦር «የቁጣዬ በትር» ተባለ፤ በቁጥር 7 ግን «እርሱ እንዲህ አያስብም» ይላል፣ ልቡ ማጥፋት ነው። በቁጥር 12 እግዚአብሔር ሥራውን ሲፈጽም በትሩን ራሱን ይቀጣል። ዮሐንስ 19፥11 ላይም ጌታ ለጲላጦስ ሥልጣኑ ከላይ እንደተሰጠው በነገረበት አፍ ስለ ኃጢአት ይናገራል። የእግዚአብሔር መግዛት ገዥውን ከተጠያቂነት አያወጣም።

ውጤቱን መተንበይም አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 12 ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፤ ጴጥሮስ 16 ወታደር እየጠበቀው ሰንሰለቱ ወደቀ። አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ሄሮድስ፣ አንድ ጌታ። ለምን እንደተለያየ ምዕራፉ አያብራራም። ሦስቱ ወጣቶች «ያድነናል» ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ያሉት ለዚህ ነው።

ቀን እየቆረጠ ስለ መንግሥት ለውጥ የሚተነብየውንም ኤርምያስ 28–29 ይዛችሁ መርምሩ። ሐናንያ በሁለት ዓመት የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል አለ፣ ሕዝቡም ወደደው። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት አለ፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱ ሰላም ጸልዩ አለ። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። አጭር ቀን የሚሰጥ ትንቢት ሰውን ከሥራው ያስተጓጉላል፤ ቀኑ ሲያልፍም እምነቱን ይዞበት ይሄዳል።

ዮዲት ዘ (16)
ስለ ጸሎቱ ትንሽ ልጨምር። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1–2 ልመና፣ ጸሎት፣ ምልጃና ምስጋና ስለ ነገሥታት ይደረግ ይላል። ቡድን ውስጥ ይህ በቀላሉ ዓይን ጨፍኖ ፖለቲካ ማውራት ይሆናል። የሚከለክለው የተለየ ነገር መጠየቅ ነው። ነህምያ ካሴሉ ከሚባለው የዕብራውያን ወር እስከ ኒሳን ወር አራት ወር ያህል ከጸለየ በኋላ ንጉሡ «ምን ትለምናለህ?» ሲለው ዝርዝሩ በእጁ ነበር፦ የሚቆይበት ጊዜ፣ በወንዝ ማዶ ላሉት ገዥዎች ደብዳቤ፣ ለዱር ጠባቂው ለአሳፍ ስለ እንጨት ደብዳቤ። እኛም ሹመቱን ጠቅሰን፣ በፊቱ ያለውን ውሳኔ ለይተን፣ ፍትሕ እንዲያይ እንለምን። ምስጋናም ከተዘረዘሩት አንዱ መሆኑ አይረሳ።

ኤፍራታ (17)
የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። «ፊርማ እኮ ነው፣ ልቤ አልፈረመም» ብሎ የፈረመስ? አሁን የጸጸተው ሰው ምን ያድርግ?

አገልጋይ ዘ (18)
ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ250 ዴክዮስ ቄሳር ሕዝቡ ሁሉ በኮሚሽን ፊት ለአማልክት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። አንዳንድ ክርስቲያኖች ሳይሠዉ ወረቀቷን ብቻ ገዙ፤ «እጃችን አልሠዋም» አሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ መካድ ቆጠረችው፤ ወረቀቱ «ሠውቷል» ብሎ ይመሰክራልና። በ251 በካርቴጅ የተሰበሰበው ጉባኤ ከሠዉት ለይቶ አያቸው፤ ወረቀት የገዙት ጉዳያቸው በየግል ታይቶ ንስሓ ከገቡ እንዲመለሱ ተደረገ። ማቃለልም አልነበረም፣ በር መዝጋትም አልነበረም።

ዛሬም ያ ሰው ለእግዚአብሔር ከተናዘዘ በኋላ ፊርማው ወዳለበት መዝገብ ይመለስ። «በዚህ ቀን የፈረምኩት ሰነድ ይህ ክፍሉ ትክክል አይደለም፣ ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ በጽሑፍ ያርም፣ ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂ ያስቀር። ጉዳዩ በሕግ የሚያስጠይቅ ከሆነ ደብዳቤውን ከማስገባቱ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ የሚያማክረውም እውነቱን እንዴት በትክክል እንደሚናገር ነው፣ እንዴት እንደሚደብቅ አይደለም። በፊርማው የተጎዳ ሰው ካለ ይካስ፤ ዘሌዋውያን 6፥5 ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምር ይላል። አብረውት የፈረሙትን ግን ስለ ራሱ ብቻ ተናግሮ ይተዋቸው፤ ካልተጠየቀ በቀር የእነርሱን ንስሓ እርሱ አይጻፍላቸው።

ኤፍራታ (19)
ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን መጻፍ አለበት? ማለቴ «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለውን?

አገልጋይ ዘ (20)
በመጀመሪያው ደብዳቤ አይጻፍ። አዳም «የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ የጀመረው ያንን ነው። መርማሪ በቀጥታ ከጠየቀው ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገር።